የሱፓፗ ሱባኤ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ የሚያሞቅ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ቀትር ላይ ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደው ውሃ ራሱ ሻይ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ሰዉ ውሃ ቀድቶ የሚያስቀምጠው እንዲበርድለት እንጂ እንዲሞቅለት አይደለም። ስለዚህ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ከሥሩ የማገዶ ምድጃ ያለው የመዳብ ቦይለር ቆሞ ባየሁ ጊዜ ሳቄ መጣ። ከእኛ በፊት እዚያ የኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ምን ሲበርዳቸው እንዳስተከሉት እግዜር ይወቀው። እኔ ምድጃውን የልብስ ሳሙናና የጫማ ቀለም ማስቀመጫ አደረግሁት።

ባለቤቴ ግን አልሳቀም። የባቡር ነጂ ነበር፤ ሥራውንም የተማረው በእንፋሎት ነው። በዚያን ጊዜ የእንፋሎት ባቡሮቹ እየተነሡ በናፍጣ የሚሄዱት ይተኩ ስለነበር ዘመድ እንደሞተበት ሰው አኩርፎ ነው የከረመው። «ናፍጣው ባቡር አይደለም፤ ሐዲድ ላይ የወጣ ካሚዮን ነው» ይላል። ቦይለሩን ሲያገኝ ሆዱን ዳሰሰው፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ የጫማ ቀለሜን አንሥቶ ሰጠኝና «ይሠራል» አለኝ። ይሥራ አይሥራ ምን እንደሚያደርግልን አልጠየቅሁትም።

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ከሐረር ነው ያመጣኝ። ሐረር ሳለሁ ግድግዳችን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለነበር አንዲት ሴት ብታስነጥስ ከሁለት ቤት ይማርሽ ይባልላታል። ከዚራ ግን መንገዱ ሰፊ፣ ግቢው ሰፊ፣ ቀትር ሲሆን መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ባለቤቴ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ተመልሶ ያድራል፣ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ከድስቱ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ድስቱ እንዳይመልስልኝ እየፈራሁ ነበር የምውለው፤ ቢመልስልኝም ደስ ሳይለኝ አይቀርም ነበር።

እንዲህ ባለሁበት ሰሞን አማቴ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ብርዳም አገር የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ይዟቸው መራመድ አቅቷቸዋል ተባለ። ደንግጬ እንቅልፍ አጣሁ። አማት ማለት ሽሮዬን ቀምሳ ፊቷን የምታጨማድድ ሴት ናት ብዬ ነው የማስበው። ጣቢያው ላይ ከባቡር ሲወርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው፣ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝና «ልጄ፣ ይህ የአገራችሁ ሙቀት ነው ወይስ እግዜር ተቆጥቶን ነው?» አሉኝ። በዚያችው ቅጽበት ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

የቀረው ግማሽ የለቀቀኝ ቦይለሩን ያዩ ዕለት ነው። አማቴ ለጉልበታቸው ያልሞከሩት ነገር አልነበረም፤ ጠበል ገብተዋል፣ ቅጠል ታስረዋል፣ አዲስ አበባ ፍልውሃም ወርደዋል። ቦይለሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይኸው ፍልውሃ! ቤታችሁ ውስጥ ተክላችሁ ዝም ትላላችሁ?» አሉ። ስሙንም ያኔውኑ ጋኑ ብለው አወጡለት። እኔ የቧንቧው ውሃ ያለ ማገዶም የሚያቃጥል መሆኑን ላስረዳቸው ብሞክር አልሰማ አሉኝ።

«የፀሐይ ውሃ ቆዳ ነው የሚያሞቅ። እሳት የነካው ግን አጥንት ይገባል» አሉ።

ሕጉንም ራሳቸው አወጡ። ልክ እንደ ጠበል በሱባኤ ይሆናል፤ ሰባት ቀን አንድ ሱባኤ፣ እሳቸው ሁለት ሱባኤ ይታጠባሉ። በመካከል አንድ ቀን ከተዘለለ የታጠቡት ሁሉ ከቁጥር አይገባም፣ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁለቱ ሱባኤ ሲሞላ አንድ ቀን ሳያድሩ በሚቀጥለው ባቡር ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ልጃቸው «ምን አስቸኮለሽ እማዬ፣ እዚሁ ብትቀመጪስ?» ቢላቸው ተቆጡ።

«ሥራ ፈትቼ ልጄ ቤት ተጎልቼ? ጡረታ ወጣች ያስብሉኝ? ለሕክምና ሲሆን ነውር የለውም። ሕክምናው ሲያልቅ ግን ሰው ቤቱ ይገባል።»

ይህን ሲሉ ልጃቸው ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን በልቤ ያዝኩት፤ ምክንያቱም ገና በመጡ በሳምንቱ የቤቱ ድምፅ ተለውጦ ነበር። ጠዋት ከጀልዴሳ በግመል ማገዶ ይዘው የሚመጡትን ሰዎች አማቴ በር ላይ ቆመው በአማርኛ ይከራከሯቸዋል፤ ሰዎቹ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይመልሱላቸዋል፤ ማንም የማንንም ቋንቋ ሳያውቅ ይስማማሉ። ሽሮዬን ቀምሰው ፊታቸውን አላጨማደዱም፤ «ጨው ረስተሽ ነው ወይስ ለጤናዬ አስበሽልኝ?» ነው ያሉት። ባለቤቴ በልጅነቱ ዶሮ ፈርቶ ዛፍ ላይ ያደረበትን ታሪክ የነገሩኝ ዕለት እያለቀስኩ ሳቅሁ። ወደድኳቸው፤ እንደዚያ ቶሎ ሰው ወድጄ አላውቅም።

ሱባኤው እንደተጀመረ ጋኑ ማንጠባጠብ አመጣ። ከአናቱ ላይ የአውራ ጣት የምታህል የነሐስ ነገር አለች፤ ውሃው ከልኩ በላይ ሲግል እንፋሎቱ በእሷ በኩል ይወጣል። ባለቤቴ ከፈረንሳዊ አለቆቹ በለመደው ቃል «ሱፓፕ» ይላታል። ከሱፓፗ ሥር ውሃ ጠብ ይላል፣ በመዳቡ ሆድ ላይ እየተንኳለለ ይወርዳል፣ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ጭስ እያለ ማገዶውን ያጠፋዋል። እንደገና አነድዳለሁ፣ እንደገና ይጠፋል። እኔ በጭሱ ዓይኔ ቀልቶ፣ አማቴ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲጠብቁ መሸ። ሱባኤው ተቋረጠ።

በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለ አማቴ ሰም በጨርቅ ጠቅልለው ሱፓፗን እንድደፍናት አዘዙኝ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ደፈንኳት። እሳቱን እንዳነደድን ሰሙ ቀልጦ ወረደ፤ ማገዶው ላይ ሲደርስ የነደደው ነበልባል ቅንድቤን ለበለበው። ማታ ልጃቸው ሰምቶ ራሱን ያዘ።

«እማዬ፣ እሷ መተንፈሻው ናት! እሷን ከደፈንሽበት መጀመሪያ የሚሄደው ጣሪያው ነው፣ ቀጥሎ አንቺ ነሽ» አላቸው።

አማቴ በጣም አዘኑ። ለራሳቸው አይደለም፣ ለጋኑ ነው ያዘኑት። «እኔ ምን አውቄ፣ አፍኜው ኖሯል» እያሉ ሆዱን ያሻሹለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ሱፓፗ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ባለቤቴ ወደ ጅቡቲ ከመውረዱ በፊት መጋላ ካለው የብረታ ብረት ሱቅ አዲስ ሱፓፕ ካገኘሁ እንድገዛ ነገረኝ። ደቻቱን ተሻግሬ ወደ መጋላ ሄድኩ፤ ወንዙ ደረቅ ነበር፣ አሸዋው ላይ ፍየሎች ይንጎራደዳሉ። ባለሱቁ ጢሙን በሒና ያቀላ ሽማግሌ ሱማሌ ነው። የብረቱን ስም ሁሉ የለመደው በጣሊያን ጊዜ ስለሆነ በፈረንሳይኛ ብትጠይቀው አይገባውም።

«አደር፣ ሱፓፕ አለ?» አልኩት። አደር ማለት በእነሱ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

«ሱፓፕ ምንድነች?»

እኔም ምን እንደሆነች በውል አላውቅም። ሐረር መካኒኮች ሲያወሩ የሰማሁት ቃል ትዝ አለኝና «ቫልቮላ» አልኩ።

«አቦ እህቴ፣ እንደሱ በይ እንጂ!» አለና ከመደርደሪያ አንዲት ነጭ ሸክላ የምትመስል ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ኮርቼ ተመለስኩ። ከአማቴ ጋር ወረቀቱን ፈታንና ዕቃይቱን አገላብጠን አየናት። ቀዳዳ የላትም። የሚዞር ነገር የላትም። በሁለት ጫፏ ብረት አላት፣ መካከሏ ነጭ ነው። አማቴ «የፈረስ ጥርስ ትመስላለች» አሉ። ምናልባት ውስጥ የምትገባ ትሆናለች ብለን ከላይ ልናስገባት ሞከርን፤ አልገባ አለች። ከጎን ሞከርን። በመጨረሻ አማቴ «የሚያውቃት ይምጣ፤ ክፉ ነገር እንዳንሠራ» አሉና መደርደሪያ ላይ በክብር አስቀመጥናት።

ባለቤቴ ሲመለስ እሷን ይዤ ቀረብኩ። አየኝ፣ ዕቃይቱን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። መናገር እስኪያቅተው ነው የሳቀው። ለካ ቫልቮላ ማለት ድሬ ውስጥ የመብራት ናት፤ መብራት ከልክ ሲያልፍ የምትቃጠለው።

«ጋኑ መብራት ጠፍቶበት መሰላችሁ?» አለ፣ እንባውን እየጠረገ።

«ሁለቱም እኮ ከልክ ሲያልፍ የሚጠብቁ ናቸው» አልኩ ተናድጄ። በኋላ ሳስበው ነገሬ ያን ያህል ስሕተት አልነበረም፤ እሱ ግን ጣቢያ ሄዶ ለጓደኞቹ ሁሉ አወራው። ወር ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ባገኘኝ ቁጥር «ቫልቮላዋ ደኅና ናት?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ለመለወጥ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሽማግሌው ጉንጩን በጫት ወጥሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ነገሩን ስነግረው እሱም ሳቀ፤ የሚስቅብኝ ሰው መብዛቱን ስለለመድኩ አብሬው ሳቅሁ። ለጋን የሚሆን እንዲህ ያለ ዕቃ እንደሌለው ነገረኝና ምክር ጨመረልኝ።

«ወላሂ የድሬ ውሃ ኖራ ነው። የእኔ የሻይ ማፍያ ውስጡ ግድግዳ ይሠራል። ሎሚ ጨምቂበት፣ ይድር። ኖራው ይሄዳል፣ ማፍሰሱም ይሄዳል።»

እውነት መሰለኝ። ባለቤቴ ሱፓፗን ፈትቶ አወረዳትና በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፍናት። ጠዋት ኖራው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተቀርፎ ታች ተኝቷል፣ ነሐሱ ወርቅ መስሏል። አማቴ እልል አሉ። መልሶ ገጠማትና ውሃ ስንለቅ ግን እንዲህ አፍሳ አታውቅም፤ ጠብታው ቀርቶ መንዠቅዠቅ ሆነ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ቀዳዳውን ይዞልን የኖረው ኖራው ነው። ባለሱቁ ይህን በሰማ ጊዜ «ኖራው ሄዷል አይደል? ግማሹ እውነት ሆኗል» አለኝ።

ስለዚህ ሥራው ለባለቤቴ ተረፈ፤ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አይቼውም አላውቅም። ሱፓፗን ወደ ሥራ ቦታው ይዟት ሄዶ አስሞርዶ አመጣት፣ ከአሮጌ ጫማ ሶል ቆዳ ቆርጦ ከሥሯ አለበሰላት። ሸሚዙን አውልቆ በርጩማ ላይ ቆሞ ሲሠራ ድሮ የነዳቸውን ባቡሮች በየቁጥራቸው እየጠራ ያወራል፤ የትኛዋ ዳገት ላይ ትነጫነጭ እንደነበር፣ የትኛዋ ውሃ ትወድ እንደነበር። እናቱ ከሥሩ ቆመው ዕቃ ያቀብሉታል።

«ይህቺን ነው?»

«አይደለም፣ መፍቻውን።»

ብረቱን አገላብጠው አዩት። «አሁን ልትፈታ ነው?»

«አይ፣ ላጠብቅ ነው።»

«ታዲያ ማጥበቂያውን ጠይቀኝ እንጂ።»

«እማዬ፣ ማጥበቂያም ሲሆን ስሙ መፍቻ ነው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ስሙ መፍቻ ሆኖ ሳለ ያጠብቃል?» መፍቻውን አቀበሉት። «ለመሆኑ ወዴት ሲዞር ነው የሚፈታው?»

«ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ይጠብቃል» አላቸው፤ ማብራራት ይወዳል።

በዚህ ጊዜ ሱፓፗ ጸጥ አለች። አንዲት ጠብታ እንኳ የለም። እሳቱ እየተንቦገቦገ ነደደ፣ መዳቡ ጋለ፣ አማቴ በሞቀው ውሃ ጉልበታቸውን እያሹ ከውስጥ መዝሙር ሲያሰሙ በረንዳው ድረስ ይሰማል። ሱባኤው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ቀኑም ሳይዘለል ይሞላ ጀመር። የመጀመሪያው ሱባኤ አለቀ። ሁለተኛው ተያዘ። ጉልበታቸውም በእርግጥ ለቀቃቸው፤ ያለ ምርኩዝ እስከ ጣቢያው አደባባይ ደርሰው መመለስ ቻሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ብሎኝም ነበር፤ ግን ከደስታዬ ሥር ሌላ ነገር ነበረ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ማገዶውን ስለኩስ እኔው ራሴ የምሸኛቸው ይመስለኝ ነበር። አማቴ ለአገር ሰው የሚወስዱትን ብርቱካን መምረጥ ጀመሩ። ጋቢዎቻቸው ታጥበው ተጣጠፉ። ቅዳሜ ወደ ላይ በሚሄደው ባቡር ቦታ እንዲያዝላቸው ለልጃቸው ተነገረው። ቅሩልኝ ልላቸው አፌ ላይ እየደረሰ ይመለስብኛል፤ ሰው ቤቱ ይገባል ያሉት ትዝ ይለኛል፤ ኩራታቸውን አውቃለሁ። ያወራን የነበርነው ስለ ብርቱካኑ ብቻ ነው፤ የትኛው እስከ ደብረ ብርሃን ሳይበላሽ ይደርሳል እያልን።

ሱባኤው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ከቀትር እንቅልፍ ተነሥቼ እሳት ላነድ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገባሁ። እግሬ ርጥብ ነካ። ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ቀና ስል በመዳቡ ሆድ ላይ ውሃው እየተንኳለለ ይወርዳል፣ ምድጃው ውስጥ የደረደርኩት ማገዶ ርሷል። የባለቤቴ ሱፓፕ! ያ ሁሉ ሞረድ፣ ያ ሁሉ ቆዳ! በርጩማው ለወትሮው ከበሩ ኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ያን ዕለት ግን ጋኑ ሥር ተጠግቶ አገኘሁት። ወጣሁበትና ሱፓፗን በእጄ ነካኋት። ተወዘወዘች። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጣቴ ብቻ ወደ ግራ ዞረችልኝ።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። አማቴ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

«እማማ፣ ጋኑ ያፈስሳል» አልኳቸው።

«በስመ አብ! ደግሞ እንደገና?»

«እንደገና።»

«እሳቱስ?»

«ማገዶው ርሷል። ዛሬ አይነድም።»

አንዲት ጠጠር ከምስሩ ውስጥ አንሥተው ወረወሩ። «እንግዲህ ሱባኤው ተቋረጠ ማለት ነው።»

«ተቋረጠ» አልኩ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የመጣብኝ እኔም አላወቅሁትም።

ይኼኔ ነው ያየሁት። ከሰፌዱ ሥር፣ ከነጠላቸው ጫፍ፣ የመፍቻው እጀታ ብቅ ብሏል። ማየቴን አዩ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት፤ ሸፍነውም ሲያበቁ መሸፈኑ ከንቱ መሆኑ ገባቸውና ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ቀላ።

«ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስሙስ መፍቻ አይደል?»

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከሰፌዱ ምስር አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ። «ሰኞ ነው እንደ አዲስ መጀመር» አሉኝ ብቻ፣ «ሱባኤ በሳምንት መካከል አይገባም።» ብርቱካኑንም እንዳይበላሽ እኛው እንብላው ተባባልን።

ከብርቱካኑ እየላጥን ሳለ ባለቤቴ የጅቡቲ አቧራ ለብሶ ከጣቢያ ገባ። ኮፍያውን ሳያወልቅ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀ፣ «ሱፓፗ እንዴት ናት?»

«ታፈስሳለች» አልኩት።

«የእኔ ሱፓፕ?» ጮኸ፤ ዓይኑ ግን የበራለት ሰው ዓይን ነበር። ያን ጊዜውኑ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። «ቆዳው ነው፤ የቆዳው ነገር አስቀድሞም አላማረኝም ነበር። ለመሆኑ መፍቻው የት ገባ?»

እናቱ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ሰጡት። ብረቱ ከጭናቸው ሙቀት የተነሣ ገና ትኩስ ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ ብረት ሁሉ ትኩስ ስለሆነ ግን ልጃቸው ምንም አልጠረጠረም።